ወላጅ የሚገባው የትምህርት ቤት ግምገማ ሪፖርት እንዴት ይዘጋጃል? ከኢንስፔክሽን ሰነዱ እስከ ንባቡ ቀን

በወላጆች ስብሰባ ላይ "ትምህርት ቤታችን በኢንስፔክሽን ደረጃ 2 አግኝቷል" ሲባል ብዙ ጊዜ ይጨበጨባል። ወላጁ የሚያጨበጭበው ቃሉን በሚያውቀው ትርጉም ስለሚሰማው ነው። በልጁ ካርድ ላይ "ደረጃ 2" ማለት ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ ማለት ነው። በኢንስፔክሽን (ከውጭ የመጡ ገምጋሚዎች ትምህርት ቤቱን በሚመዝኑበት) ቋንቋ ግን ደረጃ 2 ማለት ከመቶ 50 እስከ 69.99 ያገኘ፣ መስፈርቱን ገና ያላሟላ ትምህርት ቤት ነው። የሚጠበቀው ደረጃ 3 (ከ70 እስከ 89.99)፣ የላቀው ደግሞ ደረጃ 4 (90 እና ከዚያ በላይ) ነው። በካርዱ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል፤ በኢንስፔክሽኑ ሲበዛ። ይህን ሳያስረዱ ሪፖርት ማንበብ ወላጅን ማሳሳት ነው።

ይህ መመሪያ በጎጃም ገጠርና ከተማ ላሉ ርእሰ መምህራን፣ ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላትና ለጉድኝት (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶችን ለሚደግፉ) ሱፐርቫይዘሮች የተዘጋጀ ነው። በመጨረሻ የሚወጣው ፊትና ጀርባ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው፤ ማንበብ የማይችል ወላጅም ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ለጎረቤቱ መልሶ ሊናገረው የሚችል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጊዜ፦ ለመጻፍ ሦስት ከሰዓት፣ ለመፈተሽ አንድ ቀን፣ ለማንበብ አንድ ቀን ያዙ። "ነገ ስብሰባ ስላለ ዛሬ ማታ እንጻፈው" ከተባለ ከታች ካሉት ዘጠኝ የሥራ ደረጃዎች ሦስተኛውንና ስድስተኛውን መዝለላችሁ አይቀርም፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚያ ነው።

ሰው፦ አራት ይበቃሉ። ርእሰ መምህሩ ወይም ምክትሉ፣ አጭርና ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ አንድ መምህር፣ የወተመህ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም በየትኛውም ኮሚቴ ውስጥ የሌለች አንዲት እናት። የአራተኛዋ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ያልገባትን ቃል በሰማች ቁጥር ማስቆም። ኮሚቴ የለመደ ሰው ይህን ሥራ አይችልም፤ ቃላቱን ስለለመዳቸው ያልገቡት አይመስለውም።

ሰነድ፦ እነዚህን ጠረጴዛ ላይ ሳታስቀምጡ አትጀምሩ።

- ማኅተም ያረፈበት የመጨረሻው የኢንስፔክሽን ሪፖርት። ረቂቁን አትጠቀሙ፤ ነጥቡ ሊቀየር ይችላል።
- የዓመቱ የግለ ግምገማ ቅጽና የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅዱ።
- የሁለቱም መንፈቅ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ)፣ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል የክልላዊ ፈተናው ውጤት።
- ምዝገባ በተዘጋበት ቀን የነበረው የተማሪ ቁጥር፣ በክፍልና በፆታ።
- የተማሪና የመምህር ቀሪ መቆጣጠሪያ።
- የትምህርት ቤቱ ድጎማና የወላጅ መዋጮ የገቢና ወጪ ማጠቃለያ።
- ባለፈው ዓመት ለወላጅ ቃል የተገባበት ቃለ ጉባኤ። ይህ ሁልጊዜ ይረሳል፤ ወላጁ ግን አይረሳውም።

ደረጃ 1፦ ወላጁ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቁ

1. ከስድስት እስከ ስምንት ወላጆች ምረጡ። ሁለቱ ከሩቅ ጎጥ ይሁኑ። አንዱ ልጁ 1ኛ ክፍል የሆነ፣ አንዱ ልጁ ዘንድሮ 6ኛ ወይም 8ኛ የሚፈተን፣ አንዱ ልጁ ትምህርት ያቋረጠበት ይሁን። ግማሾቹ እናቶች ይሁኑ።
2. ቢሮ አትጥሯቸው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ፣ ከቅዳሴ ወይም ከሶላት ሲወጡ፣ ከገበያ ሲመለሱ አግኟቸው።
3. አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ስለ ትምህርት ቤቱ እውነቱን የሚነግርዎ ሰው ቢያገኙ ምን ብለው ይጠይቁታል?"
4. መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉት፤ ወደ ቢሮ አማርኛ አትለውጡት።

አብዛኛው መልስ ከእነዚህ አያልፍም፦ ልጄ ማንበብ ይችላል ወይ? መምህሩ ይቀራል ወይ? መጽሐፉ ለምን አልደረሰም? ያዋጣነው ብር የት ገባ? ሴት ልጄ ለብቻዋ መጸዳጃ አላት ወይ? የወረቀታችሁ ንዑስ ርእሶች እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። "ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት" የሚለው አከፋፈል ለወረዳው ይቆይ።

ስህተት ሲፈጠር፦ ሁሉም "ደህና ነው፣ መምህሮቹ ጎበዞች ናቸው" ካሉ ጠያቂው ራሱ መምህር ስለሆነ ነው፤ ይሉኝታ ይዟቸዋል። ጥያቄውን ያቺ አራተኛዋ እናት ትጠይቅ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን አጣሩ

እዚህ አትቸኩሉ። አማርኛው ያማረ፣ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ወረቀት ከምንም ይከፋል፤ አንድ ጊዜ ያልተታመነ ሪፖርት በሚቀጥለውም ዓመት ሰሚ አያገኝም።

2.1 አካፋዩን ተመልከቱ። በጣም የተለመደው ስህተት ያቋረጡ ልጆችን ከስሌቱ ማውጣት ነው። ለምሳሌ በ6ኛ ክፍል መስከረም ላይ 60 ልጆች ተመዘገቡ እንበል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጨዳው ሲመጣ፣ ከብት ጠባቂም ሲጠፋ 15 ልጆች ቀሩ። ፈተና ላይ የተቀመጡት 45፣ ያለፉት 36 ናቸው። 36 ለ45 ሲካፈል 80 ከመቶ ነው፤ 36 ለ60 ሲካፈል ግን 60 ከመቶ ይሆናል። ሰነዱ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 80ው ነው። ለወላጅ ሁለቱንም ቁጥሮች በሰው ቁጥር ንገሩት፦ "60 ልጆች ጀመሩ፤ 15ቱ በመሃል ቀሩ፤ ከተፈተኑት 45 ልጆች 36ቱ አለፉ።" ያኔ ጥያቄው ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል፤ 15ቱ የት ሄዱ?

2.2 ድምሩን ፈልቅቁ። የኢንስፔክሽኑ ጠቅላላ ነጥብ ከሦስት የተሰበሰበ ነው፦ ግብዓት ከ25፣ ሂደት ከ35፣ ውጤት ከ40። ትምህርት ቤታችሁ 20፣ 21 እና 18 አግኝቶ ድምሩ 59 ሆነ እንበል። እያንዳንዱን ለብቻው ወደ መቶ ለውጡት። ግብዓት 80፣ ሂደት 60፣ ውጤት 45 ይሆናል። ታሪኩ ተለወጠ፤ ክፍሉና ወንበሩ ደህና ነው፣ ማስተማሩ መካከለኛ ነው፣ የልጆቹ ዕውቀት ግን ከግማሽ በታች ነው። 59 የሚለው ቁጥር ይህን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። ወላጅ ጉልበቱንና ገንዘቡን በየዓመቱ አጥር ላይ ሲያፈስ የሚኖረውም ይህ ልዩነት ስለማይነገረው ነው።

2.3 ደረጃውን ብቻ አታወዳድሩ። ከ51 ወደ 69 የወጣ ትምህርት ቤት 18 ነጥብ አሻሽሎም በዚያው በደረጃ 2 ይቀራል። ከ68 ወደ 70 የወጣው ሁለት ነጥብ ጨምሮ ደረጃ 3 ይባላል። ስለዚህ ያለፈውንና የአሁኑን ነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመመዘኛ ቅጹ በመሃል ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ "ቅጹ ስለተቀየረ የሁለቱ ዓመት ነጥብ አይወዳደርም" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

2.4 የተማሩበትን ቀን ቁጠሩ። በጸጥታ ችግር፣ በክረምት ጎርፍ ወይም በሌላ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ከነበረ ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ልጆቹ ስንት ቀን እንደተማሩ ይነገር። ያልተማሩትን ሳይጠቅሱ ያላወቁትን መንገር ለልጁም ለመምህሩም ፍርደ ገምድልነት ነው።

2.5 ከመቶውን ወደ አሥር አውርዱ። ከ48 የ3ኛ ክፍል ልጆች 19ኙ አንቀጽ ማንበብ ካልቻሉ 39.6 ከመቶ ማለት ነው። "ከአሥር ልጆች አራቱ" በሉት። አሥርዮሽ ቁጥር (39.6፣ 69.99) ወረቀቱ ላይ አንድም ቦታ አይግባ።

2.6 ትንንሽ ቁጥሮችን ደብቁ። የአካል ጉዳት ያለባቸው ወይም ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ከአምስት በታች ከሆኑ ውጤታቸውን ለብቻ አታውጡ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ "ሁለት ልጆች" ማለት ስማቸውን መጥራት ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ጥንካሬ፣ ሦስት ጉድለት ምረጡ

ሰነዱ በ20ዎቹ የሚቆጠሩ መስፈርቶች አሉት። ሁሉንም ያነበበ አንዱንም አላስያዘም። ከየጉድለቱ ፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

- ልጁ በየቀኑ የሚነካው ነው?
- በአንድ መንፈቅ ውስጥ ትምህርት ቤቱ ወይም ወላጁ ሊለውጠው የሚችለው ነገር አለ?
- ማስረጃው በእጃችን አለ?

ለሦስቱም "አዎ" ያገኙትን አስቀሩ። ከሦስት በላይ ከሆኑ ከልጁ ንባብና ስሌት ጋር የተያያዘውን አስቀድሙ። የቀረው ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋል፦ "ሙሉ ሰነዱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አለ፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።"

ጥንካሬውም እውነተኛ ይሁን። "የመምህራን ተነሳሽነት አበረታች ነው" ጥንካሬ አይባልም፤ "ዘንድሮ የ1ኛ ክፍል ልጆች በሙሉ መጽሐፍ አላቸው" ግን ይባላል።

ደረጃ 4፦ ጻፉት

ርእሱን "የግምገማ ሪፖርት" አትበሉት። "ግምገማ" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ሰው ተነስቶ የሚወቀስበት ስብሰባ ነው፤ ማን ሊባረር ነው ብሎ ይመጣል። "ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ" ይበቃል። "ደረጃ" የሚለውንም "እርከን" በሉትና ወዲያው "ከአራቱ ከታች ሁለተኛው" ብላችሁ አብራሩት።

የአጻጻፍ ሕጎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ። ከ12 ቃል ካለፈ ቁረጡት።
2. ማን እንዳደረገው ጻፉ። "ተሠርቷል፣ ተሰጥቷል፣ ይጠናከራል" የሚሉ ግሦች ባለቤታቸውን ይደብቃሉ።
3. "በመሆኑም፣ ከዚህ ጋር ተያይዞ፣ ከማድረግ አኳያ" ባያችሁ ቁጥር ሰርዙና ዐረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡት፤ ምንም አይጎድልም።
4. ፊደሉ 14 ነጥብ፣ በመስመሮች መካከል በቂ ክፍተት፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ። በዝግታ ሲነበብ ከ6 ደቂቃ ካለፈ በዝቷል።

አንድ ዐረፍተ ነገር በቅርብ እንይ። ሰነዱ እንዲህ ይላል እንበል፦

"ተማሪዎች በንባብ ክሂል ያሳዩት መሻሻል ከሚጠበቀው በታች በመሆኑ ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት ክትትልና ድጋፍ ሊጠናከር ይገባል።"

መጀመሪያ ጠይቁ፦ የትኞቹ ተማሪዎች? 3ኛ ክፍል። ስንቶቹ? ከ48ቱ 19ኙ። "ከሚጠበቀው በታች" ሲባል ምን ማለት ነው? አጭር አንቀጽ ሳይንተባተቡ አለማንበብ። ባለድርሻው ማን ነው? የአማርኛ መምህሩና ወላጁ። ድጋፉ ምንድን ነው? በሳምንት ሁለት ቀን ተጨማሪ ንባብ። አሁን ጻፉት፦

"3ኛ ክፍል 48 ልጆች አሉ። 19ኙ አጭር አንቀጽ ማንበብ አይችሉም። ከአሥር አራቱ ማለት ነው። የአማርኛ መምህሩ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ 40 ደቂቃ ያስነብቧቸዋል። ወላጅ በእነዚህ ቀናት ልጁን ቶሎ ና ብሎ አያስቸኩለው።"

ቃላቱ ጨመሩ፤ ነገሩ ግን ተያዘ። ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ለውጡ፦

- "የተማሪ ክፍል ጥምርታ 1 ለ74" → "በአንድ ክፍል 74 ልጆች ተቀምጠዋል። መሆን የነበረበት 50 ነው።" (50 ለአንደኛ ደረጃ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ 40 በሉ።)
- "የመጽሐፍ ጥምርታ 1 ለ3" → "ሦስት ልጆች አንድ መጽሐፍ ይጋራሉ።"
- "መጠነ ማቋረጥ" → "ከመስከረም ወዲህ ትምህርት ያቆሙ ልጆች"
- "ተከታታይ ምዘና" → "በየምዕራፉ የሚሰጡ አጫጭር ፈተናዎችና የቤት ሥራ"
- "ግብዓት" → "ክፍል፣ ወንበር፣ መጽሐፍ፣ ውሃ" (ያላችሁን ጥቀሱ)
- "የማጠናከሪያ ትምህርት" → ይህን ወላጁ ያውቀዋል፤ ተዉት። የሚታወቅን ቃል ማቅለል ጊዜ ማባከን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በትምህርት ቤቱ አንድ የሒሳብ መምህር ብቻ ካለ "የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ደካማ ነው" ማለት መምህሩን በስም መጥራት ነው። በዚህ ጊዜ ሁኔታውን ጻፉ፦ "የ7ኛ ክፍል ልጆች ዘንድሮ ስምንት ሳምንት ያለ ሒሳብ መምህር ቆዩ።" ወረቀቱ ከመታተሙ በፊትም መምህሩ ይየው። ስለራሱ የተጻፈውን ከወላጅ ጋር እኩል የሚሰማ መምህር በማግስቱ ክፍል የሚገባው ተሰብሮ ነው።

ደረጃ 5፦ ቃሉን ከነቀኑ አስቀምጡ

ከእያንዳንዱ ጉድለት ሥር ሦስት መስመር ይኑር፦ እኛ ምን እናደርጋለን፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፣ መደረጉ በምን ይታወቃል። ሦስተኛው መስመር ወላጅ ራሱ በዓይኑ ሊያየው የሚችል ምልክት ይሁን።

የወላጁን ድርሻ ስትጽፉ ብር አትጠይቁ። በዚህ አንድ ስብሰባ ፈጽሞ አትጠይቁ። ገበሬው "የትምህርት ቤት ስብሰባ" ሲባል በልቡ "መዋጮ" ብሎ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ወይ ይቀራል፣ ወይ ትንሽ ልጅ ይልካል። መዋጮ የግድ ካስፈለገ በሌላ ቀን ይሁን። ለዚህ ወረቀት የሚስማማው ወላጅ ያለ ብር ሊሠራው የሚችለው ነው፦ በአጨዳ ሰሞን ልጁን በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አለማስቀረት፤ ጥበቃውን ከጎረቤት ጋር በተራ መያዝ፤ ማታ ልጁን "ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ" ማለት። ይህን ማንበብ የማይችል ወላጅም ይችላል። ልጁ እየተንተባተበ እንደሆነ ጆሮው ይነግረዋል።

የተሞላ ናሙና (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው)፦

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ

በኢንስፔክሽን ከመቶ 59 አገኘን። ባለፈው 54 ነበርን። ከአራቱ እርከኖች ከታች ሁለተኛው ላይ ነን። መድረስ ያለብን ሦስተኛው ላይ ነው፤ እሱም ከ70 ይጀምራል።

ምን ተሻሻለ? የ1ኛ ክፍል ልጆች በሙሉ መጽሐፍ አግኝተዋል።

ልጆቻችን ያነባሉ ወይ? 3ኛ ክፍል ከአሥር ልጆች አራቱ አያነቡም።
እኛ፦ ማክሰኞና ሐሙስ 40 ደቂቃ እናስነብባለን።
እናንተ፦ በእነዚህ ቀናት ልጁን አታስቸኩሉት።
ምልክቱ፦ የካቲት 30 ልጁ አንድ አንቀጽ ያነብላችኋል።

ስንት ልጆች ቀሩ? ከ6ኛ ክፍል 60 ልጆች 15ቱ ቀርተዋል።
እኛ፦ ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ የክፍል ኃላፊው መምህር ቤት ድረስ ሰው ይልካል።
እናንተ፦ ልጁን ከማስቀረታችሁ በፊት ንገሩን።
ምልክቱ፦ የቀሩትና የተመለሱት ልጆች ቁጥር በየወሩ በር ላይ ይለጠፋል።

ሴቶች ልጆች መጸዳጃ አላቸው ወይ? አለ፤ በር ግን የለውም።
እኛ፦ እስከ ጥር 15 በሩን እንገጥማለን። ወጪው ከድጎማው ነው።
እናንተ፦ ቀኑ ሲደርስ ሁለት ወላጆች መጥታችሁ እዩ።
ምልክቱ፦ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል።

ደረጃ 6፦ ሳይታተም ፈትሹት

1. ወረቀቱን አይተው የማያውቁ አራት ወላጆች አግኙ፤ ቢያንስ ሁለቱ ማንበብ የማይችሉ ይሁኑ።
2. ለየብቻቸው አንድ ጊዜ በዝግታ አንብቡላቸው።
3. "ገባዎት?" አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ "አዎ፣ ገባኝ" ነው፤ አንባቢውን ላለማሳፈር ይባላል።
4. ይልቁንም "ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግራሉ?" በሉ። የሚሉትን ጻፉ።
5. ሦስት ነገር መጥቶ እንደሆነ ተመልከቱ፦ ትልቁ ጉድለት ምንድን ነው፣ ትምህርት ቤቱ ምን ሊያደርግ ነው፣ እሳቸው ምን ይጠበቅባቸዋል።

ከአራቱ ሦስቱ ሦስቱንም ከተናገሩ አትሙ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ ጥፋቱ የዐረፍተ ነገሩ ነው፤ እሱን ብቻ ለውጡና ለሌሎች ሁለት ሰዎች አንብቡ። ጉድለቱን ይዘው የራሳቸውን ድርሻ ከረሱ፣ ድርሻውን ወደ ላይ አምጡት።

በአዊ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ አውኚ በሚነገርበት ቀበሌ የወረቀቱ ፍተሻም ንባቡም በአውኚ ይሁን። ጽሑፉን ቀድሞ የሚተረጉም መምህር መድቡ፤ መድረክ ላይ ቆሞ የሚተረጉም ሰው ቁጥር ያምታታል።

ደረጃ 7፦ አባዙ፣ ለጥፉ፣ ላኩ

ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቅጂ ይበቃል፤ ከአንድ ቤት ሦስት ልጅ ቢማር ለትልቁ ስጡ። ልጁ ማታ ለቤተሰቡ እንዲያነብ የቤት ሥራ ይሰጠው። ወረቀት ካነሰ ለየጎጡ አምስት አምስት አድርጉ።

በር ላይ ለሚለጠፈው ትልቅ ወረቀት ፍሊፕ ቻርትና ጥቁር ማርከር ያዙ። 6 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እንዲያነበው የፊደሉ ቁመት ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ የሚበቃው ስድስት ወይም ሰባት መስመር ብቻ ነው፤ ሦስቱን ጉድለቶችና ቀኖቹን ብቻ ጻፉ።

በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ ተጠንቀቁ። በቆየው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ የወርድ ፋይል፣ ፊደሉ በሌለው ስልክ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ወይ በዩኒኮድ ፊደል (ለምሳሌ ኒያላ) ጻፉት፣ ወይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ላኩ። ከሁሉም የሚሻለው ድምፅ ነው፤ አንድ ሰው ጸጥ ባለ ክፍል አንብቦ ይቅዳውና ቅጂው ከወረቀቱ ጋር ይላክ። ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ የሚሠራው አባትም ይሰማዋል።

ደረጃ 8፦ የንባቡ ቀን

ቀኑን በወላጁ ሥራ ምረጡ። የገበያ ቀን፣ የአጨዳ ሳምንትና የሰኔ እርሻ አይሆኑም። እንደ ወሩ 12 እና 21 ባሉ፣ ገበሬው እርሻ በማይነካባቸው የበዓል ቀናት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይገኛል፤ ሙስሊም ወላጆች ባሉበት ዓርብ ቀትርን ተዉ። የዓመቱን መጨረሻ ሪፖርት ሰኔ ላይ ከምታነቡት ከፍልሰታ በኋላ ለምዝገባ በሚመጡበት ሰሞን አድርጉት፤ ያኔ ማንም አይቀርም።

ንባቡ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይለፍ፦

- 5 ደቂቃ፦ ሰላምታና የአባቶች ምርቃት። የእንግዳ ንግግር አይኑር።
- 6 ደቂቃ፦ የመጀመሪያ ንባብ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ።
- 4 ደቂቃ፦ "ከአሥር አራቱ" የሚለውን ማሳየት። አሥር ደብተር ደርድሩና አራቱን ግልብጡ። በልጆች ግን አታሳዩ፤ ልጅ በወላጅ ፊት ቆሞ "የማያነበው" አይባልም።
- 15 ደቂቃ፦ ወላጆች በየጎጣቸው ተቀምጠው ይነጋገሩ። እናቶች ለብቻቸው ቢቀመጡ ይናገራሉ፤ አብረው ከሆኑ ዝም ይላሉ።
- 6 ደቂቃ፦ ሁለተኛ ንባብ። ብዙ ሰው ነገሩን በደንብ የሚሰማው አሁን ነው።
- 30 ደቂቃ፦ ጥያቄ፣ ከየጎጡ አንድ።
- 9 ደቂቃ፦ ቃሉን ደግሞ ማንበብ፣ የሚከታተሉ ሁለት ወላጆች መምረጥ፣ ቃለ ጉባኤ መፈረም።

አንባቢው ርእሰ መምህሩ ባይሆን ይመረጣል። በየመስመሩ መሃል ምክንያት መስጠት ይጀምራል፤ 6 ደቂቃው 40 ይሆናል። ድምፀ ጎላ አንድ መምህር ያንብብ፣ ርእሰ መምህሩ ለጥያቄው ይቆይ።

የልጆችን ካርድ በዚያው ቀን አትስጡ። ካርዱ ከተሰጠ ሁሉም የሚያየው የልጁን ደረጃ ብቻ ነው፤ ሪፖርቱን የሚሰማ አይኖርም። የግድ ከሆነ በመጨረሻ ስጡ።

ደረጃ 9፦ ከ60 ቀን በኋላ

ያንኑ ወረቀት አውጡ። አዲስ አትጻፉ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን "ተደርጓል"፣ "ተጀምሯል" ወይም "አልተደረገም" ብላችሁ በቀይ ጻፉና በሩ ላይ መልሳችሁ ለጥፉት። "አልተደረገም" ካላችሁ ምክንያቱን በአንድ መስመር፣ አዲሱን ቀን በሌላ መስመር ጨምሩ። ሁለቱ ተመራጭ ወላጆች ከመለጠፉ በፊት አይተው ይፈርሙ።

ነገሩ ሲበላሽ

ወረዳው "ዝቅተኛውን ነጥብ ለወላጅ አታውጡ" ቢል፦ ሙሉ ሰነዱን ሳይሆን የትምህርት ቤቱን የመሻሻል ዕቅድ እንደምታነቡ አስረዱ። ዕቅዱ የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዐበይት ርእሶቹ አንዱ አድርጎ ስለያዘ ወላጁን ማሳወቅ የዕቅዱ አካል ነው። ሱፐርቫይዘሩን ከዚህ መመሪያ ደረጃ 3 ጀምሮ አብሮ ብታስቀምጡት ይህ ጥያቄ ቀድሞውንም አይነሳም።

ስብሰባው በአንድ መምህር ላይ ክስ ቢሆን፦ አታፍኑት፤ መድረክ ላይም አትመልሱት። "ይህን ለብቻ በወተመህ በኩል እንሰማለን፣ ቀኑ እሑድ ነው" ብላችሁ ቀን ቁረጡና ወደ ሦስቱ ጉድለቶች ተመለሱ። የቆረጣችሁትን ቀን ግን አታሳልፉ።

ማንም ጥያቄ ባይጠይቅ፦ ዝምታውን እንደ መግባባት አትቁጠሩት። ከየጎጡ አንድ ሰው የሰማውን በራሱ ቃል ይናገር በሉ። ሁለት ጎጥ የተለያየ ነገር ከተናገረ ያን ክፍል እንደገና አንብቡ።

ቁጥር ተሳስታችሁ ከነበረ፦ በዚያው ሳምንት በዚያው በር ላይ "49 ያልነው 59 ነው" ብላችሁ በትልቁ ለጥፉ። የተሰረዘው ቁጥር ከሥሩ ይታይ።

ከአራት ወላጅ አንድ ብቻ ቢመጣ፦ ንባቡን አታራዝሙ፤ ለመጡት አንብቡ። በሚቀጥለው ሰንበት የየጎጡ ተወካይ በዕድሩ ወይም በሰንበቴው ላይ ያንብበው፤ ወረቀቱ አጭር የተደረገው ለዚህም ጭምር ነው።